ጨው የሌለው ድስት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከት/ቤት መልስ
ለለሚ ምሳውን አድርሼ መጣሁ። ተራው የጎረቤታችን የእትዬ ዘውዴ ነው። አንጮቴ የሚባለው ሥር ተቀቅሎ፣ እንቁላል፣ ወተት። ጨው ክልክል ነው። ግማሹን ብቻ በላ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ልቡን ያመዋል። ኪሎው ካልሞላ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም ብለዋል ሐኪሞቹ፣ አዲስ አበባ። ለዚህ ነው ሰፈሩ በየተራ የሚያበስልለት።

ለእህቴ ለሲፈን እንዲህ ያለ ተራ አልነበረም። ያው ሕመም፣ ያው ቀጠሮ። ኪሎዋ ሳይሞላ ክረምት ላይ አረፈች። ለለሚ እማዬ ተራ አልያዘችም። ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ጤ/ጣቢያ። ለሚ ሚዛን ላይ ወጣ። በሳምንት ሁለት ኪሎ ጨምሯል። እናቱ አዴ ጫልቱ እልል አለች፣ እኔም ጮህኩ። ሲስተር ግን ዝም ብላ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ጫነችው። ጉድጓዱ እንደተሰረጎደ ቀረ። ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው አለች። ማነው ጨው ያበላው? አብረውን የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

በዚያው ቀን፣ አመሻሽ
ደብተሬ፣ ጉዱን ስማ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር። ሁሉም ቤት ጨው ነስንሷል፤ እያንዳንዱ ቆንጠር አድርጎ። እትዬ ዘውዴ አመነች። አዴ ጫልቱ ስትቀምሰው ጨው የሌለው ወጥ ላከች ብላ ታማኛለች ብዬ ፈርቼ ነው አለች። ሌሎቹም እንደዚያው።

ያኔ እማዬ ተነሳች። ለብቻው በሚጣድ ድስት እጅ ይሳሳታል አለች፤ ተራ የደረሰው ቤት ያን ቀን ሁሉም ያለ ጨው ይብላ፤ አባወራውም፣ እንግዳውም።
«ባሌ ጥሎኝ ይሄዳላ!» አለች እትዬ ዘውዴ።
«ቢሄድ ጨው ፍለጋ ነው። ማታ ይመለስልሻል።»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ስትቀልድ ከክረምት ወዲህ ገና ዛሬ ሰማሁ። የረቡዕን ተራ ያዘች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
መድኃኒቱን አስተካከሉለት። እብጠቱ ወረደ። ኪሎውም ወረደ፣ ከበፊቱም በታች። ሲስተር ይሄ ጥሩ ነው፣ አሁን እውነተኛውን እያየን ነው ትላለች። እኔ ጥሩነቱ አልታየኝም። ሲፈንም እንዲህ እያለች ነው የቀለለችው። የሂሳብ የቤት ሥራ አልሠራሁም። ከማንም ጋር ማውራት አልፈልግም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
የኛ ተራ። አባዬ ጨው የሌለውን ወጥ ጎረሰ፣ ጣራውን አየ፣ ደግሞ ጎረሰ። ለሚ እኛው ቤት መጥቶ ሳህኑን ጨርሶ ድገሙኝ አለ። እማዬ ጨለፈችለት። እኔ ጓሮ ወጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ለሚ የኔንም እንቁላል በልቶት ጠበቀኝ። ሌባ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19
ሞላ!! ሞላ።
ሲስተር ቅልጥሙን ጫነችው። ጉድጓድ የለም። ሌላውን እግር ጫነች። የለም። ከሚዛን አውርዳ እንደገና መዘነችው፣ ያው። አዲስ አበባ ደወለች። ይምጣ አሉ።
አዴ ጫልቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ዘውዴ እልልታውን ስታቀልጠው ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ መጣ። ጾም ከገባ ጀምሮ እሷ ራሷ የማትቀምሰውን እንቁላል ስትቀቅል ነው የሰነበተችው፤ ለሚ ለገና እከፍልሻለሁ አላት። እኔ ለሚን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢውን ዞርኩ። ከበደኝ። ደብተሬ፣ ከበደኝ!

እሑድ፣ ኅዳር 28። ጠዋት
ንጋት ላይ መናኸሪያ ሸኘናቸው። አውቶቡሱ ሲወጣ ለሚ በመስኮት ምላሱን አወጣብኝ።
ስንመለስ ሴቶቹ እንግዲህ ተራው አበቃ ተባባሉ። ሲስተር አብራን ነበረች። ከሲሬ የመጣች ልጅ አለች አለች፣ ያው ሕመም ነው፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ዘመድ ቤት አርፈዋል። እትዬ ዘውዴ ተነፈሰችና፣ እኔስ ግድ የለኝም፣ ባሌን ብቻ ማን ይንገረው አለች። እማዬ የመጀመሪያው ቀን የኔ ነው አለች።

የልጅቷን ስም ገና አልጠየቅኩም። ቡርቃ ጃቶ ከት/ቤት ይርቃል፤ ለክፍል ኃላፊያችን ነግሬ በምሳ ሰዓት ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ነገ ምሳዋን የማደርሰው እኔ ነኝ።