የብርቄ ደመወዝ በማን እጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 25፣ ጧት

ጡጦው ተቀቅሏል። ገንፎው እየበረደ ነው። ኢምራን ነክሶኛል፣ ሶልያና ሸንታብኛለች፣ የሌሎቹ ተራ ገና ነው። ደብተሬ፣ ይኸን የምጽፍልህ በአንድ እጄ ሕፃን ታቅፌ ነው። ባ/ዳር ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር።

የማታ ት/ቤቱን ጨረስሁ። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። (ሁለተኛዋ እማማ ጥሩ የሚባሉት ናቸው። መነጽራቸው ባይሰበር ኑሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እሱን አንጽፍም።) መ/ሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ አለዚያ ይጠፋባችኋል ብሎናል። እኔ ደግሞ ትንሽ የሚባል ነገር አላውቅበትም።

ቃል ማሳጠርም ተምሬአለሁ። ስለዚህ ብርቄን ከእንግዲህ ብ. እላታለሁ። በሕፃናት ማቆያዬ ረዳቴ ናት። የይፋግ ልጅ። ዘንድሮ ለመስከረም ቀጠርኋት፣ እኔው ዘንድ ታድራለች። ልጅ ስታስተኛ እጇ ላይ መድኃኒት ያለ ይመስላል። ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ስትመጣም ትችል ነበር፣ ግን እኔ ነኝ።

በር ተንኳኳ። የባንክ ሠራተኛዋ ልጅ መጣ። ቆይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27፣ ቀትር

ሁሉም ተኝተዋል። ብ. ራሷ ከመሃላቸው ተጋድማለች። ነፋሱ ከሐይቁ ነው፣ ዓሣና እርጥብ ደንገል ይሸታል። ይኸ ሽታ ሲመጣብኝ እዚህ የለሁም፣ ደቅ ደሴት ነኝ።

ከደቅ የመጣሁት በታንኳ ነው። ልጅ አዛይ ሁኜ። እኔ ራሴ ገና ልጅ ነበርሁ፣ ጀርባዬ ግን ሰፊ ነበር ይባላል። እትዬ በላይነሽ ቤት ገባሁ። ግቢው ማንጎ በማንጎ ነበር። ዛሬ እዚያ ላይ ሆቴል ቁሟል፣ ማንጎውን በብርጭቆ ይሸጡታል።

አባቴ እህል ሲገባና ለፋሲካ ይመጣ ነበር። ደመወዜን ሊቀበል። ታንኳውን ከዳር ያስራል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ከዚያ ወደ ግቢው። እኔ ልጁን አዝዬ ከበር ጥግ እቆማለሁ። እትዬ ብሩን ይዘው ይወጣሉ። አባቴ ብድግ ይላል፣ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይመርቃል። አመራረቁ! ቄሱ እንኳ እንደሱ አይችሉም። ግቢው ዝም ይላል። ዶሮዋ እንኳ መጫር ትተዋለች። እኔ ደረቴ ይነፋል፤ ያ ብር የኔ ጀርባ ነዋ።

ሲሄድ እስከ ዳር እሸኘዋለሁ። ታንኳው ያንሳል፣ ያንሳል፣ የምስር ፍሬ ያህላል። ልጁ ጀርባዬ ላይ ይተኛል።

እንዴት ያለ ዘመን ነበር። የዛሬ ልጆች ይኸን አያውቁትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆንሁ።

የብ. አባት አያ ታከለ ለገበያ ብለው ከይፋግ መጡ። ወሩ አልቋል። የደመወዝ ቀን ነው። ሳያቸው ልቤ ዘለለ፤ ጋቢ አጣጣላቸው የአባቴ። እግራቸውንም በር ላይ አራገፉ። አስቀመጥኋቸው፣ ምሳ አቀረብሁ፣ ከዚያ እንደ እትዬ በላይነሽ ሁኜ ከጓዳ ወጣሁ። የልጅዎ ድካም ይኸውና፣ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ብድግ አሉ።

«ቤትዎ ይሙላ። ሞሰብዎ አይጉደል። የሰጠ እጅዎ አይንጠፍ። ያሳደጓቸው ልጆች ይጡሩዎ። ደጅዎን ክፉ አይርገጠው።»

አሜን አልሁ። አለቀስሁ። እኔ! ባለፈው ጥርሴ ሲነቀል እንኳ የሳቅሁት ሰው!

ብ. ጓሮ የልጆች ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችን። ደስ ብሏት ነው። ከደስታ ብዛት ቃል አልተናገረችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ማታ

ደስ ብሏት አይደለም።

ዛሬ ገንፎ እያገነፋን ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ደመወዜስ?»

አባትሽ ወሰዱልሽ አይደል፣ አልኋት። እየሳቅሁ ነበር። አልሳቀችም። ማማሰያውን አስቀመጠች። ከጓደኛዋ ጋር ቤት ሊከራዩ ቃል ገብተዋል፣ ብሩን የሚሰጡት በዚህ ሳምንት ነው። የኔ ቤት ምን ጎደለው አልሁ። የእርስዎ ነው አለች። በቃ፣ የጎደለው እሱ ነው።

ለአባትሽ ትነፍጊያለሽ? አልኋት፤ እዚህ ላይ ነገሩን አከፋሁት።

«አልነፍግም። እኔ ልሰጠው ነበር። ከራሴ ላይ ከፍዬ፣ በእጄ። እርስዎ ሰጡት።»

ብር ያው ብር ነው፣ የማንም እጅ ይስጠው አልሁ። ማማሰያውን መልሳ አነሣችና፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል እቆያለሁ አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ በጩኸት እኔን የሚችል የለም።

ጉድ እኮ ነው። ወላጅ ባከበርሁ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ወሬው ከቤት ወጣ። ወ/ሮ ዘሐራ፣ የኢምራን እናት፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ጧት በር ላይ ያዘችኝ። ብርቄ ልትሄድ ነው አሉ? አለችኝ። ሠራተኛ ይሄዳል ይመጣል፣ ማቆያውን ያቆመው ምሰሶ እኔ ነኝ አልኋት።

«አንቺማ ለጨዋታ ነሽ። እኔ ልጄን የማመጣው ለብርቄ ነው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ገብቼ በሩን ዘጋሁና መሳቄን አቆምሁ። የባንኳም እንዲሁ አለች፣ በትሕትና ነው እንጂ። ብ. ከሄደች ልጆቹ ይሄዳሉ። ልጆቹ ከሄዱ እኔ ምን ልሆን ነው? ከሰፊ ባዶ ክፍል ጋር ፊት ለፊት የምትቀመጥ ባልቴት።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሰው ፈለግሁ። ደላላው ሁለት አመጣ።

አንደኛዋ ከኔ ትበልጣለች። ገና ስትገባ ፍራሹን አየችና ጋደም አለች። ከልጆቹ ቀድማ ተኛች። በአክብሮት ቀስቅሼ ሸኘኋት።

ሁለተኛዋ ሰርተፊኬት አላት። ሰርተፊኬቷን ራሴ አነበብሁላት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ውሸት አልጽፍም። ልጅ ሲያለቅስ ቶሎ አይነሣም፣ ይልመድ ትላለች። ይልመድ ተባለ። ኢምራን ጀመረ፣ ሶልያና ተቀበለች፣ ሌሎቹ አጀቡ። የጎረቤቴ የወ/ሮ አስካል ግቢ እስኪነቃነቅ። ይኸውልህ፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየተጣደፈች መጣች። ማን ሞተ? አለች። ተቀመጭ፣ ማንም አልሞተም፣ ትምህርት ላይ ነን አልኋት። አልተቀመጠችም።

ብ. ከጓሮ መጥታ ኢምራንን አነሣች። ቤቱ ዝም አለ። ባለሰርተፊኬቷ ልጅ ወጣ ስትል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ደመወዙ ለኔ ነው ለደላላው? አለችኝ። ላንቺ ነው እንጂ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አልኋት፣ ተቆጥቼ።

ከዚያ ብ. እኔን ታየኛለች። እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ከቅዳሴ መልስ

ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ብቻዬን። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች እየገቡ ነበር። አንዱ ሰውዬ እግሩን ይታጠባል። አየሁት፣ አየሁት፣ ዞር በይ እስኪለኝ።

ቤት ገብቼ የአባቴን ምርቃት ልጽፍልህ ተቀመጥሁ። በቃሌ ነው የማውቀው፣ አንዲት ቃል አልሳትም። መጻፍ የተማርሁትስ ለሌላ ለምን ነው? ጀመርሁ። «እመቤቴ፣ ቤትዎ ይሙላ፣ ልጆችዎ ይደጉ፣ የሰጡን ይተካልዎ...» እዚህ ደርሼ እስክሪብቶው ቆመ።

እመቤቴ የተባሉት እትዬ ናቸው። ቤቱ የሳቸው ነው፣ ልጆቹ የሳቸው ናቸው። የሰጡትም እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲመርቅ የሚያየው እሳቸውን ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት ያ ምርቃት የኔ መስሎኝ ይዤው ዞርሁ።

እሺ፣ ለኔስ ምን ይለኝ ነበር? ፈለግሁ። ጭንቅላቴን ገለባበጥሁት። ያገኘሁት አንድ ነው። ከታንኳው ሊሳፈር ሲል ራሴን ይዳብስና፣

«ልጁን እንዳትጥዪው» ይለኛል።

አባቴ ይወደኝ ነበር። ይኸን ማንም አይነካብኝም። እጁ ራሴ ላይ ሲያርፍ ዛሬም ይሰማኛል። ግን ምርቃት የሚሄደው ወደ ሰጠ እጅ ነው። ብሩ በእኔ እጅ አልፎ ቢሆን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ እኔ ብሰጠው...

የብ.ን ብር አልበላሁም። ምርቃቷን በላሁ። ያውም አልቅሼ፣ አሜን ብዬ።

ያ ዘመን ይናፍቀኛል። አሁንም። ማንጎው፣ ታንኳው፣ የእትዬ ቤት ዝምታ። እንዲህ ሁኖም ይናፍቀኛል፣ ምን ላድርገው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለግቢው ዳስ ቆርቆሮ ልገዛ ያስቀመጥሁት ብር ነበረኝ። ልጆቹ አንድ ዓመት ፀሐይ ቢሞቁ አይሞቱም።

ልጆቹ ቀትር ሲተኙ ብ.ን ጠራኋት። ይቅርታ የሚለውን ቃል በጽሑፍ አሳምሬ እችለዋለሁ። በአፍ አልወጣልኝም። ብሩን በእጇ አስቀመጥሁና፣ ቁጠሪው አልሁ። በኛ ጊዜ በሰጪ ፊት መቁጠር ነውር ነበር። እሷ ቆጠረች። ቀስ ብላ። ዓይኔን ወደ ጡጦዎቹ መለስሁ።

«አባቴ የወሰደውስ?»

እሱ የኔና የአባትሽ ጣጣ ነው አልሁ።

«እንዳይጠይቁት።»

አልጠይቅም። ጠይቄ ከአያ ታከለ ፊት የምቆምበት ፊት የለኝም።

እሄዳለሁ አላለችም። እቆያለሁም አላለች። ተነሥታ የሶልያናን ዳይፐር ቀየረች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከተማው ታጥኗል። ሁሉም በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ጭሱ ሐይቁን ሸፍኖታል። መስኮቱን ዘግቼ ብቻዬን ልጆቹ እስኪመጡ መጠበቅ ያዝሁ። ትናንት ብ. እቃዋን በባጃጅ ጭና ወደ ተከራየችው ቤት ሄዳለች። አንዲት ሻንጣና አንድ ባልዲ። ደህና ሁኚ ተባባልን። ነገ እመጣለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅሁ። ኩራት የሚባል ክፉ ነገር አለብኝ፣ ደብተሬ፣ አንተ ታውቀዋለህ።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ኢምራን መስሎኝ ነበር። ብ. ናት፣ ዓይኗ በጭሱ ቀልቶ። እየጠበቅኋት እንዳልነበር ለማስመሰል ወለል መጥረግ ጀመርሁ። ተጠርጎ ያደረ ወለል።

ቁማ ቃሏን ነገረችኝ። ከቤቷ ትመጣለች፣ ወደ ቤቷ ትገባለች። እሑድ የሷ ነው። ደመወዟ በእጇ። ሁሉንም እሺ አልሁ፤ ጭማሪውን ራሴ ከላይ አከልሁበት። ይኸን ለወ/ሮ ዘሐራ ሳልነግራት አልውልም።

ቀጥላ፣ እንግዲህ ሠራተኛዎ ነኝ ወይስ ልጅዎ? አለችኝ።

ልጄ ነሽ ማለት አማረኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔንም እትዬ ልጄ ናት ይሉኝ ነበር፣ ለእንግዳ ሁሉ።

ሠራተኛዬ ነሽ አልኋት።

ፈገግ አለችና ነጠላዋን ሰቀለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ ከሰዓት

አያ ታከለ መጡ። ብ. ደውላ ነው የጠራቻቸው። ሩዙን አጭደው ሊወቁ ነው፣ ለቀን ሠራተኛ ምሳ ብር ያስፈልጋቸዋል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ። ልጆቹም ግማሾቹ አሉ፤ ቅዳሜ ወ/ሮ ዘሐራ ገበያዋን አትተውም።

በሉ። ጠጡ። ስለ ሩዝ አወራን፤ ስለ ሩዝ ምንም ሳላውቅ መከርኋቸው። ከዚያ ብ. ከጓሮ መጣች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። አባቷ ፊት ቆመችና ብሩን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«አባዬ፣ ያለፈው ከቤት ነው። ይኸ ከኔ ነው።»

አያ ታከለ ብሩን አዩት። እሷን አዩ። ተቀበሉ። ብድግ አሉ። ልማድ ክፉ ነው፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ እመቤቴ...»

ወይኔ! ልጅ ወደቀ! ብዬ ጮህሁ።

ማንም አልወደቀም። ዘልዬ ልጆቹ ክፍል ገባሁና በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት። ኢምራን ተኝቶ ነበር፤ በኔ ጩኸት ባነነና ለቀቀው። ሶልያና ተከተለች። የቀሩትም። ሁሉንም አቅፌ፣ ሁሉም በጆሮዬ እየጮኹ፣ ከበሩ ወዲያ የሰውዬው ድምፅ ጉም ጉም ይላል። ረዘም አለ። እኔን ከመረቁኝ ይልቅ ረዘመ። አንዲት ቃል አልያዝሁም።

ስወጣ አያ ታከለ ጋቢያቸውን ያጠብቃሉ፣ ዓይናቸው እርጥብ ነው። ብ. የቀሚሷን ጉልበት አፈር ታራግፋለች። ልጁ ተጎዳ ወይ? አሉኝ። ደኅና ነው፣ ፍራሽ ላይ ነው የወደቀ አልኋቸው። ለመኪና ቸኩለው ሄዱ። ብ. እስከ መናኸሪያ ሸኘቻቸው።

ተመልሳ መጥታ ኢምራንን ታቅፋለች። ታንጎራጉራለች። ምን ብለው እንደ መረቋት ለማወቅ ሦስት ጊዜ በአጠገቧ አለፍሁ። ደግሞ ብጠይቃት ትነግረኛለች።

አልጠይቃትም።