ዓይኔ ጥግ ስለገባችው ውታፍ

ለውድ እህቴ ለብርቅዬ፤

ሰላምታዬ መንገዱ ሳያደክመው ድሬዳዋ ደጃፍሽ ይድረስ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? የባለቤትሽ የሀብተሚካኤል ስኳርስ ቀነሰለት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዓይኔ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

በስልክ የሸሸግሁሽን ልንገርሽ፤ በአፌ ላወራው ስለሚያስጠላኝ ነው ወረቀት የመረጥሁት። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ዓይኔ እንባ አጥቶ፣ አሸዋ እንደተበተነበት ይቆረቁረኛል። ጠዋት ጠዋት በዓይናር ተጣብቆ፣ ለብ ባለ ውኃ ካላራስሁት አይገለጥም። አንድ ቀን ኢየሩስን ልስም ጎንበስ ስል፣ ፊቷን አዙራ "እማዬ፣ መጀመሪያ ታጠቢ" አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጄ ስትጸየፈኝ እኔም ራሴን ተጸየፍሁ።

ይባስ ብሎ ጎረቤታችን እማማ አገርነሽ "መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ" ብለው ጠሩኝ። ጠብታ ያላቸው መስሎኝ ዓይኔን ብገልጥ፣ በዚያ በተበላ ጥርሳቸው ያኘኩትን ቅጠል ከነምራቁ እንትፍ አሉብኝ! አረንጓዴው ልጋግ እስከ አገጬ ወረደ። እዚያው ደጃፋቸው ላይ አስመለሰኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ አብጦ መግል ቋጠረ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ የአራት ደንበኞች ቀሚስ ያለ ጥልፍ ተቀመጠ። እሳቸው ግን "ሕመሙ እየወጣልሽ ነው" ይሉኛል።

ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጥቼ ቤተልሔም የምትባል የዓይን ሐኪም አገኘሁ። መግሉን በመድኃኒት ካደረቀችልኝ በኋላ፣ "እንባሽ ጥቂት ነው፤ ያችኑም በዓይንሽ ጥግ ያለች ቀዳዳ ወደ አፍንጫሽ ታወርዳታለች። ቀዳዳዋ ብትደፈን ዓይንሽ ላይ ትቆይልሻለች" አለችኝ። ለካ እንባዬን ስውጠው ኖሬአለሁ! ወይ ራሷ የምትሟሟ ውታፍ፣ ወይ የምትቆይ ላስቲክ መሰል የሲልኮን ውታፍ፣ አለዚያም ቀዳዳውን ተኩሶ መዝጋት ነው ምርጫው።

ባለቤቴ ጌታነህ "ዓይንሽ ቦይ ነው እንዴ የሚደፈነው?" ብሎ ተቆጣ። ሳምንት ሙሉ ከተጨቃጨቅን በኋላ የምትሟሟዋን ለሙከራ አስገባሁ። ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ስትገባም አላመመችኝም። ግን ትል ዓይኔ ውስጥ የተጋደመ እየመሰለኝ ሁለት ቀን እህል አስጠላኝ። በሳምንቱ ቁርቆራው ለቀቀኝ። ነፋስ ሲነካኝ እንባዬ በጉንጬ ይዝረበረባል፤ እሱም ያስጠላል። ቀሚሶቹን ግን ጠልፌ አስረከብሁ።

በጥቅምት ውታፏ ስትሟሟ ቁርቆራውም ተመለሰ። ጌታነህ አሁንም "ይቅርብሽ" ሲለኝ፣ "ዓይኑ የእኔ ነው፤ አንተ አንድ ቀን አላደርህበትም" አልሁት። ትናንት ወደ ሐኪሟ ስነሣ ግን ቀድሞኝ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ። መተኮሱን እምቢ ብዬ የሲልኮኗን አስገባሁ። ሐኪሟ የዓይኔን ቆብ ስትገለብጠው ጌታነህ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጄን ግን እስክትጨርስ አልለቀቀም።

ለሀብተሚካኤል ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥታለች በያቸው። ልጅሽን ብሩክታዊትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ጌታነህና ኢየሩስ ናፍቀውሻል።

እህትሽ ኖላዊት
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.