በሃያ አንድ ነይ

መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ለአብሮ አደጌ፣ ቡሬ

እንደምን ሰንብተሻል? ቤትሽ፣ ጎረቤትሽ፣ አዲሱ ምግብ ቤትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዜር ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ያምሮትስ አደገች? ያኔ ታማ እጃችን ላይ ልትሞት ስትል ማርያም ደጅ ወድቀሽ፣ «ልጄን ብታተርፊልኝ በወር በዓልሽ በሃያ አንድ ከአፌ ክፉ አይወጣም፣ ውሸትም አልናገርም» ብለሽ የተሳልሽው ትዝ አለኝ። ጧፉን የያዝሁልሽ እኔ ነበርሁ። መቼም በስለት አይቀለድም፤ እስካሁን እንደምትጠብቂው አውቃለሁ።

የጻፍሁልሽ ግን ተናድጄ ነው። ፊደሉ ካልተነበበልሽ ይቅር በይኝ።

አንድ እርኩስ ፌስቡክ ላይ «እህትማማች ምግብ ቤት» ብሎ በቤታችን ስም ገጽ ከፍቷል። ያውም እኔና አንቺ ሳንኳረፍ፣ ቡሬ ሳትሄጂ፣ አብረን ያስጻፍነውን ታፔላ ፎቶ ለጥፎ! እኔን መስሎ፣ «የጾም ሽሯችን የሚጣፍጠው ቅቤ ጠብ ስለምናደርግበት ነው፤ ቄሶቹም ሳያውቁ ይልሳሉ» እያለ ይጽፋል። ሰው ሲቆጣው ደግሞ በእኔ ስም መልሶ ይሳደባል። የእኔ ስልክ እኮ ከመደወል ሌላ አያውቅም! ያሳየኝ ወንድምአገኝ ነው፣ ያ የባሕር ዳር አውቶቡስ ሹፌር። ተሳፋሪዎቹ «እዚያ ቤት አታውርደን» ብለውት አሁን የሚያበላቸው ደምበጫ ነው።

እሱስ ይሁን። የንስሐ አባቴ አባ ክንፈሚካኤል በሁዳዴ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ ነበር የሚቀምሱት። ሰሞኑን ደጄን እያዩ ያልፋሉ። ሮጬ መንገድ ላይ ደረስሁባቸውና «አባ፣ ምን በደልሁ?» ብላቸው፣ ሰው እየሰማ «ልጄ፣ መጀመሪያ ንስሐ ግቢ» አሉኝ። ምን ሠርቼ! በጾም እንኳን ቅቤ ላስገባ፣ የፍስኩን ድስት ከጾሙ ድስት ጋር አላጥብም፤ አንቺ አይደለሽ ያስለመድሽኝ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእኔ በቁሜ ተቀበረ። ትናንት ያበሰልሁትን ወጥ ለውሻ ደፋሁት። እንዲህ ከቀጠለ ፋሲካ ሳይደርስ ቤቱ ይዘጋል። አንጀቴ አርሯል!

ለአንድ ሹምም አመለከትሁ። ፌስቡክ ስለው ደንግጦ በሩን ዘጋና «መንግሥትን ሰድቧል?» አለኝ። «የሰደበው እኔን ነው» ብለው ነፍሱ መለስ አለችና «እንግዲያው ከጠላትሽ ጋር ተነጋገሪ» ብሎ አሰናበተኝ። ጉድ እኮ ነው! ጠላቴን ባውቀው እሱ ዘንድ ምን ወሰደኝ?

ወንድምአገኝ ግን እግዜር ይስጠው፣ ሲያልፍ ቆም ይልና ገጹን ያነብልኛል። በቀደም እየሳቀ «ይሄ ሰው እኮ ሃይማኖት አለው» አለኝ። ከገና ጾም ጀምሮ ሳያሰልስ ይሳደባል፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ ጥምቀትን እንኳ አላከበረም። በየወሩ በሃያ አንድ ግን ጭጭ ይላል። በኅዳርም፣ በታኅሣሥም፣ በጥርም፣ በየካቲትም። በማግሥቱ ይቀጥላል። ወንድምአገኝ ስቆ ሄደ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለአባም ቢሆን።

እና አደራሽን፣ በዚህ ወር በሃያ አንድ ነይ። አባ ክንፈሚካኤልንም ለምኜ አስመጣቸዋለሁ። ሽሮውን ፊታችሁ እሠራለሁ፤ አንቺ ከጎኔ ትቀመጫለሽ። ከዚያ እሳቸው እየሰሙ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። በሃያ ወይም በሃያ ሁለት ከሆነ ግን አትምጪ።

ማርያም ያምሮትን ታሳድግልሽ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ጧፍ ይዤልሽ የቆምሁት፣
አብሮ አደግሽ