ሐይቅ ላይ የተወለደችው

ጥቅምት 4፣ ጧት
ዛሬም ጭጋግ። ማዶ ያለችው ባ/ዳር የለችም፤ ደሴታችን ብቻዋን ሰማይ ላይ የቀረች ትመስላለች። ባሌ ጌትነት መረብ ሊያነሣ ወጥቷል። እግሬ አብጧል። ሆዴ ውስጥ ያለው ደግሞ ማዕበሉ ዳርቻውን በመታ ቁጥር ይገላበጣል። ውኃው የሚጠራው ይመስለኛል።

ጥቅምት 9
መረቡ የእምቦጭ አረም ብቻ ይዞ መጣ። ከተማ እንግባ አልሁት፤ ሐኪም አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ማን ያውቀኛል አለኝ። እኔንስ እዚህ ማን ያውቀኛል? ከመራዊ ተድሬ መጥቼ ስንት ዓመቴ፣ ዛሬም «እንግዳዋ» ነኝ። ዋና እንኳ አልችልም። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ለመውለድ ባ/ዳር እህቴ ቤት እሄዳለሁ። ከሄድሁ አልመለስም።

ጥቅምት 17፣ ባ/ዳር፣ እህቴ ቤት
ዛሬ ገና ብዕር ያዝሁ። ምጡ ሳላስበው መጣ። በአማቼ ሞተር ጀልባ ይዘውኝ ወጡ። መሐል ሐይቅ ላይ እምቦጩ ሞተሩን አነቀው። ቆምን። ጌትነት ዘሎ ገባ፤ በእጁ ይነጭ ጀመር። ጎረቤቴ እማማ ጥሩ ከኋላዬ አቅፈውኝ «አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ማርያም በይ» ይሉኛል። ዳር አይታይም። ውኃና ሰማይ አንድ ሆነዋል፤ እኔ መሐል። መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም፤ እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ ያህል ነበር።
ሴት ልጅ። እማማ ጥሩ በነጠላቸው ጠቀለሏት።
ደሜ ግን አልቆም አለ። ሞተሩ ተላቅቆ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

ጥቅምት 25
የባጃጁ ጩኸት። ልጄ ክንዴ ላይ ካላወዛወዝኋት አትተኛም። ጌትነት መጣ። እዚህ ከተማ ቤት አግኝቷል፤ ታንኳውንና መረቡን ሊሸጥ ነው፤ ሲሚንቶ ተሸክሞም ቢሆን ያኖረናል። የፈለግሁት ይኸው። አንተስ? አልሁት።
«እኔማ እለምደዋለሁ።»
ዓይኔን ሳያይ። ለምን አለቀስሁ?

ኅዳር 1
እማማ ጥሩ ከደሴቱ ሴቶች ጋር ተሻግረው መጡ። ልጅቱን ስመው፣ «እንግዲህ የየት አገር ሰው ትባል ይሆን?» አሉ። እህቴ ቀድማ የባ/ዳር አለች። «የደሴቱ ናት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ነበር።
ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ እማማ ጥሩ በምጥ የሞተችባቸውን ልጅ ስም ጠሩ። እዚያው ውኃ ላይ ነው የሞተችው። ሌላዋ ሴት እንዲሁ የሞተችባትን እህቷን ጠራች። እስከ ዛሬ አንዳቸውም ነግረውኝ አያውቁም።

ኅዳር 3
ለጌትነት ነገርሁት። ታንኳው አይሸጥም። እንመለሳለን። እንደ ድሮው ግን አንኖርም፤ አዋላጅ ደሴቱ ላይ ትቀመጥልን ብለን ሴቶቹ ሁሉ ወረዳ እንገባለን። ማደሪያ የላትም ካሉ ጓዳችንን እንሰጣታለን።
«እምቢ ቢሉሽስ?»
«ደግመን እንሄዳለን።»
«አራስ ሆነሽ?»
«ልጅቱን ታቅፌ።»
ሳቀ። ከወለድሁ ወዲህ ሲስቅ ገና ማየቴ ነው። ወረዳ የምንሄደው ሰኞ ነው። እማማ ጥሩ፣ አንቺ ፊደል የቆጠርሽው ተናገሪ ብለውኛል። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላወቅሁም። ምናልባት ስለዚያች ስለ ልጃቸው፣ ምናልባት— ልጄ ነቃች።