በብስባሽ ላይ ለሚለጥፈው የጥርስ ክፍል

ለተከበሩ የጤና ጣቢያው የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቤተሰብ ደኅና ነው? ጥርስዎስ? እግዜር ይጠብቅልዎ፣ በተለይ ከራስዎ ክፍል ይጠብቅልዎ። እኔ በግራ በኩል ማኘክ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በቀኝ በኩል የቀረችኝ አንዲት መንጋጋ ናት፤ እሷንም የፊታችን ሐሙስ መጥቼ እንድነቀል አዛችሁኛል። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው፤ እንዳታለሳልሰውም አስጠንቅቄአታለሁ።

አርባ ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁና ስለ ማጣበቅ ጥቂት አውቃለሁ ብል እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሶሉ የለቀቀ ጫማ ሲመጣልኝ የሞተውን ቆዳ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ በቢላ እልጣለሁ፣ በሞረድ አሻክራለሁ፣ አደርቃለሁ፤ ማስቲሽ የምቀባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳላደርግ ያስረከብኩት ጫማ ቢኖር ኖሮ ባለቤቱ ፊቴ ላይ በወረወረው፣ እኔም ይገባኛል ባልኩ። እንግዲህ አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሐኪምዎ ይህችኑ የተቦረቦረች መንጋጋዬን ሲሞላልኝ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰክቶ ስለ መኪና ጎማ እያወራ ነበር። ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አደረገ፤ አፌ ምራቅ እንደሞላ ቀባ፣ ለጠፈ፣ ሰማያዊ መብራት አበራበትና ተነሥ አለኝ። ለዚህ ቅልጥፍናው ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እኔ የጫማ ክር እስክፈታ እንኳ ከዚያ ይበልጥ እቆያለሁ። በዘጠነኛው ቀን ለስላሳ ዳቦ ስበላ ሙሌቱ ወለቀ።

ሁለተኛ፤ ተመልሼ ስመጣ ከሥሩ ያለው ጥቁርና ልል መሆኑን፣ በምላሴ ስነካው እንደሚሰምጥ፣ መጀመሪያ እሱ ተፍቆ መውጣት እንዳለበት በትሕትና አስረዳሁት። እሱም፣ «አባባ፣ ይሄ ማጣበቂያ የተፈተነ ነው፤ እርስዎ ዝም ብለው አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ። ከፈትኩ። እንደገና ለጠፈበት፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ወለቀ። በኋላ ልጄ ከነርሶቻችሁ አንዷን፣ ደግ ሴት ናት፣ ነገሩን ብትጠይቃት ማጣበቂያው የተፈተነው በጤነኛ ጥርስ ላይ እንደሆነ፣ በተበላ ጥርስ ላይ ግን አያያዙ በጣም እንደሚደክም፣ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ እንደሚብስ ነገረቻት። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ ስለ ክፍልዎ ጥበብ ብዙ አሰብኩ። ጤነኛ ጥርስ ያለው ሰው እናንተ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ወንበሩ ተመችቶት?

ሦስተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ለሁለተኛው ሙሌት ስገባ ካርድዎ ሊታደስ ነው ብላችሁ አንድ ወረቀት አቀረባችሁልኝ፤ አምኜ አሻራዬን አተምኩ። ሙሌቷ ስትወልቅ ልከስ ብመጣ ያ ወረቀት ለልጄ ተነበበላት። ታካሚው ብስባሹ በሙሉ እንዲፋቅለት ተመክሮ ሕመም ፈርቶ እምቢ ብሏል ይላል። ፈርቶ! ወስፌ መዳፌን በስቶ በወዲያ ሲወጣ በጉጠት ስቤ አውጥቼ፣ በጨርቅ አስሬ፣ የያዝኩትን ጫማ ሰፍቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሐኪምዎ ያልሠራውን ሥራ በኔ ፍርሃት ሸፈነው፤ እርስዎም ፈረሙበት። ሰውን በማያነበው ወረቀት ማስዋሸት ብዙ ትምህርት ይጠይቃል፤ ስለ ተማራችሁ ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ እመጣለሁ። ቀጠሮ አላፈርስም። ነገር ግን ጉጠቱ ከመነሣቱ በፊት ጥርሴ እስከ ጤነኛው ድረስ ትፋቅ፣ ትድረቅ፤ መስተዋት ይያዝልኝና በዓይኔ ልየው። የሚይዝ አካል ከተረፈ በዚያ ላይ ይለጠፍ። ካልተረፈ ይነቀል፤ ቃል አይወጣኝም፤ እኔም የማይጠገን ጫማ ሲገጥመኝ ለባለቤቱ ዓይኑን እያየሁ አልቋል እላለሁ። ጥርሴን ባጣ እስክሞት አጥሚት እጠጣለሁ። ፈሪ ተብዬ ግን አልጠጣም፤ ያ ወረቀት በልጄ ፊት ይታረም።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ላላሳዩኝም ሁሉ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለክፍልዎ ዕድሜና ለሐኪምዎ ስልክ የማያስፈልገው ሌላ ሥራ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ጫማ ሰፊው

ተጨማሪ፦ ሁለተኛ የወለቀችውን ሙሌት በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ገልብጠው ከሥሯ ያለውን ይመልከቱ። ጥቁሩ ልል ነገር ተጣብቆባት አብሯት ወጥቷል፤ በጥፍሬ ብፍቀው አልለቅ አለኝ። ስለዚህ ማጣበቂያችሁን አላማሁትም፤ በሚገባ ይዟል። የያዘው ብስባሹን ነው።