ከየቤቱ አንድ ልጅ

ማክሰኞ

"ሐዋ ሰይድ" ብዬ ስጠራ "አቤት" ያለችኝን ልጅ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ስሙን የዘለልኩ መስሎኝ ደግሜ ጠራሁ። ያችው ልጅ ቆመች። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት። የእኔ ሐዋ ድንቡሼ ናት፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው። ክፍልፋይ ያስተማርኳትን ልጅ እንዴት ላላውቃት!

ዝም ብዬ መጥራቴን ቀጠልኩ። ከአርባ ሁለቱ አሥራ አራቱን አላውቃቸውም። ሁሉም "አቤት" ይላሉ፣ ሁሉም ቦታቸውን ያውቃሉ፣ አንዳቸውም አላፈሩም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስተኛንና ስድስተኛን የምናስተምረው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ፣ ርዕሰ መምህርቷ፣ ለስድስተኛ ሒሳብና ሳይንስ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሰጣለሁ። መምህር ተስፋዬ ማክሰኞና ሐሙስ አማርኛና ኅብረተሰብ ይሰጣል። ዛሬ ወባ ስለጣለው በእሱ ቀን ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱም የራሱን ሐዋ፣ እኔም የራሴን ሐዋ ስናስተምር ኖረናል ማለት ነው።

ጠባሳ ያላትን ልጅ አስቀርቼ "ማነሽ?" አልኳት። ዘሀራ ትባላለች። የሐዋ ታናሽ ናት።

"ሐዋስ የት አለች?"

"አረም ላይ ናት፣ ቲቸር። ዛሬ የኔ ተራ ነው።"

"ለምን ነግራችሁኝ አታውቁም?"

"ጠይቀሽን አታውቂም።"

ቅዳሜ ከአሶሳ፣ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል። የሙከራ ፈተና ይሰጥና ስድስተኛ ክፍል ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ይወስናል። ከተዘጋ ልጆቹ አሶሳ ድረስ በእግር መመላለስ አለባቸው። ሴቶቹን ማን ይልካቸዋል? ማንም።

እኔ ደግሞ ባለፈው ወር "ቀሪ ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት" ተብሎ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኛል። ቆሜ እጅ ነስቼ ነበር። ያቺ ጭብጨባ አሁን ጆሮዬን ታሳክከኛለች።

ረቡዕ

ዛሬ የእኔ ሐዋ መጣች። ፍንጭቷን እያሳየች ጥያቄ መለሰች።

ከትምህርት በኋላ አባቷን አያ ሰይድን ፍለጋ የጋራ እርሻው ድረስ ሄድኩ። የሰፈራ አምባችን ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርም፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው። በቆሎው መሀል ቆመው ምርቱ የሚከፋፈልበትን የእያንዳንዱን ቤት የሥራ ነጥብ እያስጻፉ አገኘኋቸው።

እየጮህኩ ጀመርኩ። "አያ ሰይድ፣ ልጆቹን ስትለዋውጡብኝ ከረማችሁ! ምን ዓይነት ማታለል ነው?"

ክፉኛ ደነገጡ። በእውነት ነው የደነገጡት።

"ወላሂ፣ ምን አጠፋን? አንድ ቀን አጉድለናል? ሐዋ ስትመጣ ዘሀራ እርሻ፣ ዘሀራ ስትመጣ ሐዋ እርሻ። ቤቴ አንድ ቀን አስቀርቶ አያውቅም!"

"ትምህርት እኮ እንደ አረም አይደለም!"

"ታዲያ ያልሽን አንቺ አይደለሽ? 'ከየቤቱ አንድ ልጅ' አላልሽም?"

ብያለሁ። ስድስተኛ የሆኑት አራተኛ ሲገቡ፣ የቀርከሃ አግዳሚው ስላልበቃ፣ ማንጎው ሥር ሰብስቤያቸው "ቦታ የለንም፣ ከየቤቱ አንድ ልጅ ብቻ ላኩ" ያልኩት እኔ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከወሎ በድርቁ ወጥተው፣ በመንግሥት መኪና ተጭነው እዚህ ከሰፈሩ ጀምሮ ሁሉን ነገር የሚሰሙት በዚሁ ቋንቋ ነው። ለጫካ ምንጠራ ከየቤቱ አንድ ሰው። ለመንገድ ከየቤቱ አንድ ሰው። የተላከው ማንም ይሁን ማን፣ ቤቱ ካልጎደለ ጥሩ ነው። የሥራውም የትምህርቱም ደወል ያው ዛፉ ላይ የተሰቀለው የትራክተር ብረት ነው።

ማጣራት ነበረብኝ። "ያው ልጅ ይመላለስ" ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አያ ሰይድ ስመለስ ማንጎ ሊሰጡኝ ፈለጉ። አልተቀበልኩም፣ ከዚያ መንገዱን ሁሉ ባለመቀበሌ ስናደድ ሄድኩ።

ሐሙስ

ተስፋዬ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ የእሱንም ክፍል ያዝኩ። ዘሀራን ለብቻዋ ፈተንኳት። ማታ ደግሞ ሐዋን ከእርሻ ስትመለስ አስቀርቼ ፈተንኳት።

ሐዋ፦ ክፍልፋይ፣ ጥሩ። መቶኛ፣ በጣም ጥሩ። ልብ ስንት ክፍል እንዳለው ታውቃለች። አንቀጽ ጻፊ ስላት እርሳሱን ነክሳ ቀረች።

ዘሀራ፦ ስትጽፍ እጇ አይቆምም። ዓባይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ትናገራለች። ግማሽና ሩብ ሲደመር "ስድስት" አለችኝ።

ሁለቱ ተደምረው አንድ ጎበዝ ተማሪ ናቸው። እንዲህ ያለች አንድ ልጅ ግን የለችም። አሥራ አራቱም ቤት እንዲሁ ነው። ያላስተማርኩትን ክፍል ሙሉ ነው ብዬ ፈርሜ ልኬአለሁ፤ ደብተርና ጠመኔም በዚያው ልክ ተቀብዬበታለሁ። እንቅልፍ እንዴት ይወስደኝ?

ተስፋዬ ጋ ኪኒን ይዤ ሄድኩና ሁሉን ነገርኩት። በትኩሳቱ መሀል ሳቀ። ከዚያ ጋቢውን ገልጦ ተነሥቶ ተቀመጠ።

"ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ ነው አይደል? ከሰዓት አማርኛ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ይቀያየሩ። ሱፐርቫይዘሩ አዲስ ነው፣ ፊታቸውን አያውቅም። ጫልቱ፣ አስቢው፤ በአውራጃው አንደኛ ነው የምንወጣው!"

"አንተ ወባው አእምሮህ ላይ ወጥቷል" ብዬው ወጣሁ። ግን መንገድ ላይ ውጤቱን በሐሳቤ ስደምር ራሴን ያዝኩት። እንዲህ ያለች ሴት ሆኛለሁ።

ዓርብ

ኮሚቴው ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። የተስፋዬ ሐሳብ እኔ ሳልናገረው ደርሷቸዋል። አምባ ውስጥ ወሬ ከዝናብ ይቀድማል።

አያ ሰይድ ወገባቸውን ይዘው፣ "አብሽሪ፣ ምንም ችግር የለ። ጠዋት የጠዋቶቹ፣ ከሰዓት የከሰዓቶቹ። ከየቤቱ አንድ ልጅ ይፈተናል። ማን ይዋሻል?" አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስድስተኛ ከተዘጋ ምን እንደሚመጣ እነሱም ያውቃሉ። አንዷ እናት "ልጄ አሶሳ ድረስ በዚህ ዝናብ? አልልክም፣ እድራታለሁ" አለች። ይህን ስትል እያለቀሰች ነበር።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኛል።

ያን ጊዜ ሀሩን ተነሣ። ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር የመጣ የኮሚቴ አባል ነው። አምባው ሳይሠራ፣ እኛ ማናችንም ሳንመጣ እዚህ የነበሩት እነሱ ናቸው። ብዙ አይናገርም። እኔን "ኡስታዛ" ነው የሚለኝ፣ መምህርት ማለቱ ነው።

"ኡስታዛ፣ የኔ ልጅ አንድ ነው። ወንዝ ይሻገራል፣ ብቻውን ይመጣል። ሰኞም እሱ፣ ማክሰኞም እሱ። ነገ ሒሳብ እሱ፣ አማርኛም እሱ። አማርኛ ለሱ ከባድ ነው። ለሱ ማን ይቀይራል?"

አያ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስብሰባውን ዘጉት። ሀሩን ሲሄድ ተከትዬው ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ

ሱፐርቫይዘሩ ጓድ ወርቁ በትራክተር ተሳቢ ላይ ሆኖ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ቁጡ ይመስላል፣ ግን ጨዋ ነው። አግዳሚዎቹን ቆጠረ፣ የስም መጥሪያውን አገላበጠ፣ "እውነትም ቀሪ የለም" አለ።

ጠዋት ሒሳብ። ሐዋና የእሷ ቢጤዎች ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተው ሠሩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮዬ መስኮት አየሁ። ከመጸዳጃው ጀርባ ልጆቹ ይለዋወጣሉ። ሐዋ ሻሿን ፈትታ ለዘሀራ አሰረችላት፣ አስተካክላ አሰረችላት፣ ወደ ኋላ ብላ አየቻትና ደግማ አስተካከለችላት። ወጥቼ ላስቆማቸው እችል ነበር። ደወሉን ነው የደወልኩት።

ከሰዓት አማርኛ። ርዕሱን ጓድ ወርቁ ራሱ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፦ "ትምህርት ቤቴ"። የሀሩን ልጅ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዷን መስመር እየጻፈና እያጠፋ ወረቀቱን በላጲስ ሊበሳው ደረሰ። እሱን ላለማየት ወደ ጣሪያው ሣር አየሁ።

ወረቀት ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። ሁሉም የተመዘገበውን ስም ጽፈዋል። የዘሀራ ወረቀት ላይ ግን "ዘሀራ ሰይድ" ይላል። ከሥሩ በዚያ በማይቆም እጇ እንዲህ ጽፋለች፦

"ትምህርት ቤቴን እወዳለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ እማራለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እኅቴ ትማራለች፣ እኔ አርማለሁ። እኅቴ የተማረችውን ማታ ስጠይቃት ደክሟት ትተኛለች። ሁሉንም ቀን ብማር ደስ ይለኝ ነበር።"

ዘሀራን ወደ በሩ ወስጄ በሹክሹክታ "ለምን የሐዋን ስም አልጻፍሽም?" አልኳት።

"የጻፍኩት እኔ ነኛ፣ ቲቸር" አለች። ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ታየኛለች።

አንድ ወረቀት ነው። አጣጥፌ ኪሴ ብከተው ማንም አያውቅም። የሐዋ ሳይገኝ ቀረ እላለሁ፣ በቃ። ይህንንም አስቤዋለሁ። ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፤ ወረቀቱን አንዴ አጥፌው ነበር።

ከዚያ ዘረጋሁትና ከሁሉም በላይ አድርጌ ጓድ ወርቁ ፊት አስቀመጥኩት።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ስንት ናቸው እንዲህ ያሉት?"

"አሥራ አራት።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ማክሰኞ። ጥፋቱ ግን የወላጆቹ አይደለም። 'ከየቤቱ አንድ ልጅ' ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱንም የፈረምኩ እኔ ነኝ። የዛሬውንም እያየሁ ዝም ብያለሁ።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቶቹን ሁሉ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። "ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ትቀርቢያለሽ። ትክክለኛውን የስም ዝርዝር ይዘሽ ነይ" አለና ትራክተሩ ላይ ወጣ።

አያ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

እሑድ

በጠዋት ደወሉ ተደወለ። በሰንበት! እሳት የተነሣ መስሎኝ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ በየትከሻው ቀርከሃ። አያ ሰይድ ሳያዩኝ፣ ለአየሩ እንደሚናገሩ ሆነው፣ "ወንበር የለም መባሉ ነው ይሄን ሁሉ ያመጣው። እንግዲህ ወንበሩ ይኸው" አሉ። እንደተቀየሙኝ ነው። ዘሀራንም ትናንት ሳይገርፏት አልቀሩም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሐዋን ጠየቅኋት። "አልገረፏትም፣ የጻፈችውን በቃሏ አስደገሟት። ሦስት ጊዜ" አለችኝ።

ሀሩን ልጁን ይዞ መጣ። ወሎዬዎቹ ቀርከሃውን እንደ ባሕር ዛፍ ሲፈልጡት አይቶ ሳቀባቸውና መጥረቢያውን ተቀብሎ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አሳያቸው። ለእኔ ራሱን ብቻ ነቀነቀልኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። "ነገ አሶሳ መሄድ አለ?" አለኝ። አለ አልኩት። "መንገድ መጥፎ ነው፣ በጠዋት ውጪ" አለ።

ቀኑን ሙሉ ስም ስጽፍ ዋልኩ። አርባ ሁለት የነበረው ሃምሳ ስድስት ሆነ። እያንዳንዱን ልጅ ፊቱን እያየሁ "ማነህ? ማነሽ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሐዋ ሰይድ። ከሥሯ ዘሀራ ሰይድ።

አሁን የምፈራውን ልጻፍ። ክፍሉን ሊዘጉት ይችላሉ። ባይዘጉትም ለዋናው ፈተና ሳምንታት ቢቀሩ ነው፤ ግማሽ የተማሩ ልጆች ይወድቃሉ። እኔን ከሥራ ሊያግዱኝ፣ ወይም ሱዳን ድንበር ወዳለው ኩርሙክ ሊልኩኝ ይችላሉ። ከሌሎቹ ቤቶች መካከል፣ አረሙን ማን ያርም ብለው ሁለቱንም ልጆች የሚያስቀሩ ይኖራሉ።

ተስፋዬ ተነሥቷል። ነገ እኔ ስለማልኖር ሒሳቡንም እሱ ይይዝልኛል። "ክፍልፋይ ከረሳሁት ቆየሁ" አለኝ። "ሐዋን ጠይቃት" አልኩት።

ሲመሽ ዘሀራ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ቲቸር፣ ነገ ሰኞ አይደል? የሐዋ ቀን ነው።"

"አዎ።"

"እኔስ ልምጣ?"

"ነይ" አልኳት። ሮጣ ሄደች። ዝርዝሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።