የእትዬ የሻለም እርጎና የዘገየው ለቅሶ፦ የዶክተር ይሄነው አራጋው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ይሄነው አራጋው ከአባታቸው ከአቶ አራጋው ደሳለው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሀንነሽ ንጉሡ በመካነ ሰላም ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ተወለዱ። እኛ እህት ወንድሞቻቸው እንደምናስታውሰው፣ በልጅነታቸው ጥያቄ የማያልቅባቸው ነበሩ። "ወተት ለምን ይረጋል?" እያሉ ሲነዘንዙ እናታችን "እግዜር ርጋ ስላለው ነዋ! ሂድ ከፊቴ!" ይሏቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1980 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1984 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው አቀስታ ተመደቡ፤ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርበው አምስት ዓመት አስተማሩ። ወይዘሮ አሰጋሽ ታደለንም ያገኟቸው እዚያው ነው። በ1988 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል። በ1989 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ፤ ለዶክትሬታቸው ደግሞ እርጎን ማጥናት ጀመሩ።

እስከዚህ ያለውን በኩራት አነበብን። የሚቀጥለውን መዝለል ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ሟች ለባለቤታቸው "የእርጎውን ነገር እንዳትዘሉት" ብለው አደራ ሰጥተዋል፤ የሟች ቃል አይጣስምና እያፈርን እናነባለን።

ወተት የሚያረጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ሌላ ባክቴሪያ እንዳይሻማቸው ፔፕታይድ የሚባል አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ይሠራሉ። ሟች ይህን ሲያስረዱን የድንጋይ ቤት ይጠቅሱ ነበር። ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው፤ ባደገ ቁጥርም ይገነባዋል። ድንጋዩ ከቤቱ ውስጥ ተጠርቦ በተሸካሚ ወደ ግንቡ ይወጣል። ፔፕታይዱ ያንን ድንጋይ ከነተሸካሚው አንቆ ይይዛል። ድንጋይ ያልደረሰው ግድግዳ ይሳሳና ባክቴሪያው በራሱ ውስጥ ባለው ግፊት ይፈነዳል።

ናሙና ሊሰበስቡ የመጡት በ1994 ዓ.ም. በሁዳዴ ነበር። ምን ያለ ጊዜ መረጡ! በእኛም ሆነ በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤት የወተቱ ቅል ታጥቦ ተደፍቷል። ስለዚህ አጥር ተሻግረው እትዬ የሻለም ቤት ገቡ። እትዬ የሻለምና ባለቤታቸው ጋሽ አሕመድኑር ክፉ ደጉን አብረን ያየን ጎረቤቶቻችን ናቸው። "ውሰድ ልጄ፣ ቢስሚላሂ ብለህ ውሰድ" ብለው ቅሉን እንዳለ ሰጧቸው። ከየቦታው ከተሰበሰበው ሁሉ ብርቱው ፔፕታይድ የተገኘው ከዚያ እርጎ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ዶክተር ተብለው ሲመጡ ድግስ ተደግሶ አገር ተጠራ። ንግግር አድርጉ ተባሉ። "ከእትዬ የሻለም እርጎ ውስጥ ቁስል የሚያመረቅዘውን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት አገኘሁ" አሉ። እልልታው ቀለጠ። ያልተናገሩት ነገር ግን ነበር። በእርጎው ውስጥ ያለው ፔፕታይድ ኢምንት ነው፤ የሠራው ተጣርቶ፣ ያውም በብልቃጥ ውስጥ እንጂ በሰው ቁስል ላይ አልነበረም። ደግሞም ከግድግዳቸው በላይ ሌላ ሽፋን የደረቡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፔፕታይዱ ያንን ሽፋን አልፎ አይገባም። ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ጭብጨባው እንዳይበርድ ብለው ተዉት። "አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ይባላል፤ እሳቸው ግን አፋቸው ሲያመልጥ ይታወቃቸው እንደነበር ኋላ በራሳቸው አንደበት ነግረውናል።

በጥር 1998 ዓ.ም. ጋሽ አሕመድኑር እንጨት ሲፈልጡ ምሳር እግራቸውን ቆረጣቸው። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። እትዬ የሻለም ግን "የይሄነው መድኃኒት ከቤቴ ሞልቶ የት እሄዳለሁ?" ብለው በየጠዋቱ ቁስሉ ላይ እርጎ አፈሰሱ። እኛም አየን፤ ይተዉ በማለት ፈንታ ደግ አደረጉ አልን። እግሩ ጠቆረ፣ ትኩሳቱ ባሰ። ወደ ደሴ ሲወሰዱ አቀስታ ላይ አረፉ።

ሟች መርዶውን በሚያስተምሩበት አዲስ አበባ ሆነው ሰሙ። ለቅሶ ግን አልመጡም። በእኛ አገር ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ የጎረቤቱን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከሰው አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ተማሪ እፈትናለሁ አሉ፣ ሌላ ጊዜ ስብሰባ። ለፋሲካ እንኳ መምጣት ተዉ። እናታችን በእትዬ የሻለም ደጅ ማለፍ አፍረው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ጀመር። ወይ ጉድ! ያን ያህል ዘመን በአጥር እየተቀባበልን የኖርነው ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን።

በ2005 ዓ.ም. ሟች የኩላሊት ሕመም ጀምሯቸው መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው ወደ ቤታችን አልገቡም፤ በቀጥታ እትዬ የሻለም ደጅ ሄደው "ጋሽዬ! ጋሽዬ!" እያሉ ትናንት እንደሞተ ሰው አለቀሷቸው። እትዬ የሻለምም ወጥተው አብረው አለቀሱ። ለቅሶው ሲበርድ ሟች ከእግራቸው ወደቁ፦ "እያወቅሁ አጉድዬ ተናግሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።" እትዬ የሻለም አነሷቸው። "መድኃኒትህስ አልሠራም፣ እሺ። ለቅሶ መድረሱንስ ምን ከለከለህ ልጄ?" አሏቸው። ምሳ አቀረቡላቸው፣ እህል አብረው ቀመሱ። "ይቅር ብዬሃለሁ" የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ሟችም ዳግመኛ ለመጠየቅ ፊት አላገኙም።

ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር በእድሩም፣ በገበያውም፣ በመስጊዱ ደጅም "እርጎው ምግብ ነው፤ ቁስል ያለበት ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ያን ቀን የተናገርኩት ጎደሎ ነበር" እያሉ ተናገሩ። ሰው ይበቃል ቢላቸውም አላቆሙም።

ሕመማቸው ጠንቶ ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ ብርሀንነሽን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። አስከሬኑ መካነ ሰላም ሲገባ ከዘመድ ሁሉ ቀድመው ደጃችን ላይ የተገኙት እትዬ የሻለም ናቸው። ሣጥኑን በእጃቸው ዳስሰው "እኔስ ምሬሃለሁ ልጄ፤ አላህም ይማርህ" አሉ። እኛ ቤተሰቦቹ ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለንምና፣ አሜን እንላለን።